ሰውን በመስኮት የሚወረውር ግስ

እስቲ ስሙኝማ። እንግሊዝኛ ውስጥ አንድ ግስ አለ፤ ትርጉሙ «በመስኮት ወደ ውጭ ወረወረ» ነው። «ወረወረ» ብቻ አይደለም፤ «አስወጣ» ብቻም አይደለም። በበር ከሆነ አይቆጠርም፣ ከጣሪያ ላይ ከሆነም አይቆጠርም። የግድ መስኮት ያስፈልጋል። ቃሉ «ዲፌነስትሬት» ይባላል፤ ስትሉት «ፌ» ላይ ጠበቅ አድርጉ።

መጀመሪያ ስሰማው ያሰብኩት እናንተ አሁን የምታስቡትን ነው፤ እነዚህ ሰዎች ምን ቢገጥማቸው ነው ሰውን በመስኮት ለመወርወር ራሱን የቻለ ግስ ያወጡት? ቋንቋ ግስ የሚያወጣው ደጋግሞ ለሚሠራው ሥራ ነዋ! እኛ ለእህል ብቻ ስንት ግስ አለን፤ ቆላ፣ አመሰ፣ ፈተገ፣ ሸከሸከ፣ ከካ፣ አበጠረ፣ ነፋ። ለባዕድ ሁሉም «እህል ነካካ» ነው፤ ለእናቶቻችን ግን እያንዳንዱ ሌላ እጅ፣ ሌላ ዕቃ፣ ሌላ ድምፅ አለው። ታዲያ አውሮፓውያን ሰው በመስኮት መወርወርን እንደ ሽሮ መንፋት የዘወትር ሥራ አድርገውት ነበር ማለት ነው?

መልሱ የሚያስቅም የሚያስደነግጥም ነው። በጠቅላላው አውሮፓ እንኳ አይደለም። አንዲት ከተማ ውስጥ ግን፣ አዎ፣ ትንሽ ደጋግመውታል። ቃሉን የወለደችው ደግሞ በዚያችው ከተማ ያለች አንዲት ክፍል፣ አንዲት መስኮትና አንዲት ጠዋት ናት።

ከታሪኩ በፊት ቃሉን እንበትነው። ሁለት የላቲን ቁራጮች አሉት። «ዴ» ማለት «ከ» ነው፤ ከአንድ ቦታ ማንሳትን፣ ማራቅን፣ ወደ ታች ማድረግን ያመለክታል። ይህችን ቁራጭ ታውቋታላችሁ። ከዓረብ አገር የተመለሰ ዘመድ ያለው ሰው ሁሉ «ዲፖርት ተደረገ» ሲባል ሰምቷል። እዚያም ያለችው ይቺው «ዴ» ናት፤ ተከታዩ «ተሸከመ» የሚል የላቲን ግስ ነው። ተሸክሞ ማራቅ እንደ ማለት። የእኛ ቃል ሁለተኛ ቁራጭ «ፌኔስትራ» ነው፤ በላቲን መስኮት። ጣሊያኖች ዛሬም «ፊኔስትራ» ይላሉ፤ ፈረንሳዮች «ፈኔትር»፣ ጀርመኖች «ፌንስተር»። ስለዚህ «ዲፌነስትሬት» ቃል በቃል ሲፈታ «ከመስኮት አራቀ» ብቻ ነው። መወርወሩ ውስጡ የለም! ውርወራውን ያመጣው ታሪክ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልውጣና ልመለስ፤ የመስኮት ስም ራሱ ደስ የሚል ጉዳይ ነው። እንግሊዞች «ዊንዶው» የሚሉትን የወሰዱት ከሰሜን ሰዎች፣ ከቫይኪንጎቹ ቋንቋ ነው፤ ሲፈታ «የነፋስ ዓይን» ነው። ስፓኞችም መስኮትን የሰየሙት በነፋስ ነው። ፖርቱጋሎች ደግሞ «ትንሿ በር» አሏት። እኛ «መስኮት»ን ከግዕዝ ወርሰናል፤ በኖኅ ታሪክ ዝናቡ ሲወርድ የተከፈቱት የሰማይ መስኮቶች ናቸው። እንግሊዝኛም በመካከለኛው ዘመን ከፈረንሳይኛ የወሰዳትን «ፌነስተር» ከ«ዊንዶው» ጎን ለጎን ይጠቀምባት ነበር። ኋላ ግን የነፋስ ዓይን አሸነፈች፤ የላቲኗ ቃል ከዕለት ንግግር ወጣች። በመስኮት የተወረወረችው መጀመሪያ እሷው ናት ብል አትቀየሙኝ።

አሁን ወደ ክፍሉ እንግባ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ።

ቦታው ፕራግ ነው፤ የዛሬይቱ ቼክ ዋና ከተማ፣ ያኔ የቦሄሚያ መንግሥት መናገሻ። ቦሄሚያ ከሮም ጋር የቆየ ጠብ አላት። ያን ሁስ የሚባል ሰባኪ በ1415 ኮንስታንስ ላይ በእሳት ከተቃጠለ ጀምሮ አገሬው በእምነት ነገር ልቡ ቆስሏል። በ1600ዎቹ መጀመሪያ አብዛኛው ሕዝብና መኳንንቱ ከካቶሊክ ውጭ ነበሩ፤ ነገሥታቱ ግን ከሀብስበርግ ቤት የሚመጡ ካቶሊኮች። በ1609 ንጉሠ ነገሥት ሩዶልፍ ዳግማዊ «የግርማዊነት ደብዳቤ» የሚባል ጽሑፍ ፈርሞ የእምነት ነፃነት ሰጣቸው። ነገር የሰመረ መሰለ። በ1617 ግን ፌርዲናንድ የሚባል አልጋ ወራሽ ለቦሄሚያ ንግሥና ተመረጠ፤ በካቶሊክነቱ ቀልድ የማያውቅ ሰው። ሁለት ቦታ፣ ብሩሞቭና ህሮብ ላይ፣ ፕሮቴስታንቶች በሠሯቸው ቤተ ክርስቲያኖች ጠብ ተነሣ፤ አንዱ ተዘጋ፣ አንዱ ፈረሰ። መኳንንቱ ተሰብስበው አቤት አሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ማትያስ ያኔ ተቀማጭነቱ ቪየና ነበር፤ ከዚያ የመጣው መልስ «ዳግመኛ እንዳትሰበሰቡ» የሚል ነበር።

ሰዎቹ ግን ተሰበሰቡ። ግንቦት 23 ቀን 1618 ጠዋት፣ ማቲያስ ቱርን በሚባል ኮንት እየተመሩ፣ ወደ ፕራግ ግንብ ወጡና የንጉሡ እንደራሴዎች የሚሠሩበት ክፍል ገቡ። ክፍሉ ሰፊ አይደለም፤ የገባው ሰው ግን ብዙ ነው። እንደራሴዎቹ አራት ነበሩ። ጥያቄው አንድ ነው፤ ያንን የክልከላ ደብዳቤ ማን አስጻፈው? ሁለቱ እንደራሴዎች ከነገሩ ነፃ ናቸው ተባለና በሰላም ከክፍሉ ተሸኙ። ይህች ዝርዝር ሁልጊዜ ታስገርመኛለች። ያ ሁሉ ቁጣ እየነደደ ሰው መርጦ በበር ማስወጣት! ለካ በዚያ ክፍል የሰው ዕጣ የሚለየው በየትኛው ቀዳዳ እንደሚወጣ ነው።

የቀሩት ሁለቱ ያሮስላቭ ማርቲኒትስና ቪሌም ስላቫታ ነበሩ። መጀመሪያ ማርቲኒትስን አነሡት። ኢየሱስ፣ ማርያም እያለ ሄደ። ከወርዋሪዎቹ አንዱ «እስቲ ማርያም ታድነው እንደሆነ እናያለን» ዓይነት ሽሙጥ ጣለ ይባላል፤ ያው ሰው ወደ ታች ሲመለከት ማርቲኒትስ ሲንቀሳቀስ አይቶ «ኧረ በእርግጥም አድናዋለች!» ብሎ ጮኸ ይላሉ። ስላቫታ የመስኮቱን ጠርዝ ጨምድዶ ያዘ፤ እጁን በጩቤ እጀታ ቀጥቅጠው አስለቀቁት። ሦስተኛው ጸሐፊያቸው ፊሊፕ ፋብሪትዩስ ነበር። ደብዳቤም አልጻፈም፣ ሥልጣንም የለው፤ ጥፋቱ በዚያ ጠዋት ሥራ መግባቱ ነው። እሱንም አስከተሉት።

ከመስኮቱ እስከ መሬት ሃያ ሜትር ገደማ ነው፤ የስድስት ፎቅ ቤት ያህል። ሦስቱም ተረፉ።

እንዴት? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጥመው፤ ምክንያቱም መልሱን የሚወስነው የጠየቃችሁት ሰው ሃይማኖት ነው። ካቶሊኮቹ ድንግል ማርያም መጐናጸፊያዋን ዘርግታ፣ መላእክት በክንፋቸው ተቀብለው አሳረፏቸው አሉ፤ ሥዕልም ሣሉለት። ፕሮቴስታንቶቹ ደግሞ የወደቁት ፍግ ክምር ላይ ነው አሉ። አንዱ ወገን ክንፍ ሲዘረጋ ሌላው ፍግ ይከምራል! ከታሪክ ጸሐፊዎች ለብርዱ ስለለበሱት ወፍራም ካባና ከግንቡ ሥር ስላለው ተዳፋት የሚያነሡ አሉ፤ ቁልቁል እየተንሸራተቱ ሲወርዱ የውድቀቱ ኃይል ይቀንሳል። እኔን ይህኛው ያሳምነኛል፤ ለወሬ ግን የፍጉን ያህል አይሆንም። ዛሬም ለቱሪስት የሚነገረው ፍጉ ነው።

ቆስለውና ደንግጠው ማርቲኒትስና ስላቫታ ጎረቤት ባለው የሎብኮቪትስ ቤተ መንግሥት ተጠለሉ፤ የቤቱ እመቤት ፖሊክሴና ለአሳዳጆቹ አሳልፋ አልሰጠቻቸውም። ጸሐፊው ፋብሪትዩስ ግን አቧራውን አራግፎ በቀጥታ ወደ ቪየና ገሠገሠና የሆነውን ለንጉሠ ነገሥቱ ነገረ። ኋላ ላይ የመኳንንት ማዕረግ ተሰጠው፤ የማዕረግ ስሙ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «ፎን ሆሄንፋል»። በአማርኛ «ዘከፍተኛ ውድቀት» እንደ ማለት። ይህን ያወጣ ሰው ተጫዋች ነበር ወይስ የምሩን ነው እያልኩ ስንት ጊዜ አስቤያለሁ።

«ሰዎቹን ማጥፋት ከፈለጉ፣ ታዲያ ለምን በመስኮት?» የሚል አይጠፋም። እኔም ይህን ነበር መጠየቅ የፈለግሁት። በወርዋሪዎቹ ወገብ ጎራዴ ነበረ። መልሱ ግማሽ ከተማዋ ውስጥ ነው። ከዚያ 199 ዓመት ቀደም ብሎ፣ ሐምሌ 30 ቀን 1419፣ ያን ዜሊቭስኪ የሚባል የሁስ ተከታይ ካህን ሰልፍ መርቶ ወደ ፕራግ አዲስ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ሄደ፤ የታሰሩ ሰዎች ይፈቱልን እያሉ። ሰልፈኞቹ በር ሰብረው ገቡና የከተማዋን ሹማምንት በመስኮት ወረወሯቸው። ከታች ሕዝቡ ጦር አቁሞ ነበር የሚጠብቀው። ያኔ መልአክም ፍግም አልነበረም፤ አንድም አልተረፈ። ንጉሥ ቫትስላቭ ወሬውን ሰምቶ በሁለት ሳምንት ከጥቂት ቀን ውስጥ ሞተ። በ1483ም በፕራግ በሌላ ግርግር እንዲሁ መስኮት ሥራ ላይ ዋለ። ስለዚህ በ1618 ወደ ክፍሉ የገቡት ሰዎች አዲስ ነገር እየፈጠሩ አልነበረም፤ የአያቶቻቸውን ፈሊጥ እየደገሙ ነበር። መስኮቱን ያዩት ገና ሲገቡ ነው ብል ብዙም አልሳሳትም።

ሌላው ግማሽ መልስ፣ እንደኔ አስተያየት፣ የመስኮት ጠባይ ነው። ሰይፍ የመዘዘ ሰው ገዳይ ነው፤ በስሙ ይጠራል። መስኮት ግን የማኅበር ሥራ ነው፤ አንዱ እግር ይይዛል፣ አንዱ ብብት፣ ሌላው ይገፋል፤ የጨረሰው መሬቱ ነው። ደግሞም የቤተ መንግሥት መስኮት ሹም ከላይ ሆኖ ሕዝብ የሚያይበት ቦታ ነው። በዚያው ቀዳዳ እሱን ወደ ሕዝቡ ማውረድ ትርጉም አለው፤ ያለ አዋጅ የሚነበብ ሽረት ነው።

ይህ ለእኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። የኤልዛቤልን ፍጻሜ አስታውሱ፤ መጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 9። ኢዩ ወደ ኢይዝራኤል ሲመጣ ንግሥቲቱ ዓይኗን ተኳለች፣ ራሷን አስጌጠች፣ በመስኮትም ሆና ተመለከተች። ኢዩ ከታች ሆኖ ከእኔ ወገን ማነው ብሎ ጠየቀ፤ ብቅ ያሉት የራሷ ጃንደረቦች ነበሩ። እንዲወረውሯት አዘዘ፤ ወረወሯት። የእንግሊዝኛው ቃል ከመወለዱ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ድርጊቱ ሙሉ ነበር፤ ስም ብቻ ነው የጎደለው።

ስሙ የተገኘው ከፕራግ በኋላ ነው። ያኔ የተማረው አውሮፓ ገና በላቲን ይጽፍ ነበር፤ የፕራጉ ወሬ በየአገሩ ሲሰራጭ ለነገሩ የሚሆን የከበደ ስም አስፈለገ። «ዲፌነስትሬሽን» የሚለው ስም እንግሊዝኛ ውስጥ በ1620 አካባቢ ብቅ አለ፤ ድርጊቱ በተፈጸመ በሁለት ዓመት። ልብ በሉ፤ መጀመሪያ የመጣው ስሙ ነው እንጂ ግሱ አይደለም። «ወረወረ» ከማለታቸው በፊት «ውርወራ» ነበር ያሉት። ግሱ «ዲፌነስትሬት» ከስሙ ጫፍ ተቆርጦ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። የሰዋስው ሰዎች ይህን የኋሊት ምሥረታ ይሉታል፤ ልጅ አባቱን የወለደበት ዓይነት ነው።

በአማርኛ ዓይን ሲያዩት ይህ የተገለበጠ ይመስላል። እኛ ዘንድ ግስ ሥር ነው፤ ከ«ሰበረ» ስብራት፣ ሰባራ፣ ሰባሪ ይወጣል። ግን እኛም የኋሊት እንሄዳለን። «መነኮሰ» የሚለውን ውሰዱ፤ ሥሩ «ለብቻው የሚኖር» የሚል የግሪክኛ ስም ነው፤ በግዕዝ በኩል ገባ፣ ከዚያ እንደማንኛውም ግስ ይመነኩሳል፣ መመንኮስ፣ ምንኩስና እያለ ተራባ። በእኛው ዘመን ደግሞ «ፖለቲካ»ን ይዘን «ፖተለከ» አልን፤ «ተው አትፖትልክ» ሲባል ያልሰማ የለም።

እንግዲያውስ «መስኮት»ን ማን ከለከለው? እኔ የምለው፣ ልክ እንደ «መነኮሰ» አድርገን «መሰኮተ» ብንልስ? አራት ፊደል፣ ቅርጹ የተሟላ፣ ለርቢ የተመቸ። ይመሰኩታል። ተመሰኮተ። ወርዋሪው መስኳች፣ ድርጊቱ መመስኮት። ማርቲኒትስ ተመሰኮተ፣ ስላቫታም ተመሰኮተ፣ ጸሐፊው ሳይገባው ተመሰኮተ። ደግሞ እዩት፤ አማርኛ ከእንግሊዝኛው የሚበልጥበት ቦታ አለ። ጃንደረቦቹ ኤልዛቤልን መሰኮቷት፤ ኢዩ ግን አስመሰኮታት። እንግሊዝኛ ይህን ለማለት ተጨማሪ ቃላት ያባክናል፤ እኛ «አስ» ጨምረን ጨረስን። ሁለት ጠበኞች መስኮት አጠገብ ቢተናነቁ ደግሞ «ሊመሳኮቱ ነበር» ማለት ነው።

እሺ፣ ቀልዱን ልተው። ግሱ በትክክል የት ላይ እንደሚሠራ እንፈትነው፤ ቃል የሚገባው ሲፈትኑት ነውና። ጳውሎስ ከደማስቆ በቅርጫት ሆኖ በመስኮት ወረደ፤ ዳዊትን ሜልኮል በመስኮት አወረደችው፤ ረዓብ ሰላዮቹን በገመድ ሰደደቻቸው። ሦስቱም መስኮት አላቸው፣ ወደ ታችም ነው፤ ግን ዓላማው ማዳን ስለሆነ ግሱ አይሠራም። ጢሮአዳ ላይ የጳውሎስ ስብከት ረዝሞበት መስኮት ላይ ተቀምጦ ያንቀላፋው አውጤኪስስ? ከሦስተኛ ደርብ ወደቀ፤ ግን ወርዋሪ የለም፤ እንቅልፍ ነው የጣለው። አይሠራም። በነሐሴ 1572 ፓሪስ ውስጥ፣ በበርተሎሜዎስ ሌሊት፣ የፈረንሳይ ፕሮቴስታንቶች መሪ አድሚራል ኮሊኚ ተወግቶ በመኝታ ቤቱ መስኮት ተጣለ። ይሠራል። ታኅሣሥ 1 ቀን 1640 ሊዝበን ውስጥ ፖርቱጋሎች በስፔን አገዛዝ ላይ ሲነሡ ሚጌል ደ ቫስኮንሴሎስ የሚባለውን የስፔን ንጉሥ ሹም ከቁም ሣጥን ውስጥ ተደብቆ አገኙት፤ ተኩሰውበት ሬሳውን በቤተ መንግሥቱ መስኮት ወደ ሕዝቡ ወረወሩት። ይህም ይሠራል፤ ግሱ ተወርዋሪው በሕይወት ይኑር አይኑር አይጠይቅም።

ከሁሉ የሚከብደው ፈተና ግን እንደገና ፕራግ ነው። መጋቢት 10 ቀን 1948፣ ኮሚኒስቶች ሥልጣን በያዙ በሁለት ሳምንቱ፣ የቼኮስሎቫኪያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ያን ማሳሪክ በቸርኒን ቤተ መንግሥት ግቢ፣ ከመታጠቢያ ቤቱ መስኮት ሥር፣ በሌሊት ልብሱ ሞቶ ተገኘ። የአገሪቱ የመጀመሪያ ፕሬዝዳንት ልጅ ነው። መንግሥት ራሱን ገደለ አለ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የቼክ ፖሊስ እንደገና መርምሮ ሰው ገድሎታል አለ። በ2021 የተዘጋው ሌላ ምርመራ ደግሞ ቁርጡን ሳይናገር ቀረ። እዩት እንግዲህ፤ ክርክሩ ሁሉ በአንድ ግስ ላይ ቆሟል። ዘለለ ወይስ ተወረወረ? «ሦስተኛው የፕራግ ዲፌነስትሬሽን» የሚሉት ሰዎች ቃሉን ሲመርጡ ፍርዱንም አብረው ሰጥተዋል።

ዛሬ ግሱን የት ታገኙታላችሁ? አልፎ አልፎ ጋዜጣ ላይ፣ አንድ ሊቀመንበር ወይም ሥራ አስኪያጅ በድንገት ከወንበሩ ሲነሣ። መስኮቱ ያኔ ምሳሌ ነው። የኮምፒውተር ሰዎችም ዊንዶውስ የተባለውን ሥርዓት ከማሽናቸው ሲያጠፉ በዚሁ ቃል ይቀልዳሉ፤ ቀልዱ ሳይነገር ይገባል። ከዚያ ውጭ የሚጠቀሙበት በብዛት ቃሉን ስለሚወዱት ነው። የሚያስቀው ደግሞ ክብደቱ ነው፤ ያ ሁሉ መገፋፋት፣ ያ ሁሉ ጩኸት የላቲን ካባ ለብሶ ሲመጣ። እኛም እናውቀዋለን፤ ሰው ከሥራ ሲባረር ደብዳቤው ላይ «ተሰናብተዋል» ተብሎ ሲጻፍለት ያለው ዓይነት ነገር ነው።

አንድ ነገር ግን ለቃሉ እመሰክርለታለሁ። ከአንድ ሁኔታ የተወለዱ ቃላት ብዙውን ጊዜ እየሰፉ መነሻቸውን ይረሳሉ። «ቦይኮት» የአንድ ሰው ስም ነው፤ በ1880 አየርላንድ ውስጥ ጭሰኞችና ጎረቤቶች ያደሙበት ካፒቴን ቦይኮት። ዛሬ እኛ ስንለው እሱን የሚያስታውስ የለም። «ዴሲሜት» የሚለው የእንግሊዝኛ ግስም መጀመሪያ የሮም ጦር ከአሥር ወታደር አንዱን ለይቶ የሚቀጣበት ነበር፤ ዛሬ በጅምላ መፍጀት ሆኗል። «ዲፌነስትሬት» ግን እስካሁን መስኮቱን አልለቀቀም። እንደ ስላቫታ ጠርዙን ጨምድዶ ይዟል።

ከዚያ ጠዋት በኋላ የሆነውን በአጭሩ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ሳቁ እዚህ ያልቃል። አማፂዎቹ በሳምንታት ውስጥ ኢየሱሳውያንን ከቦሄሚያ አባረሩ፤ ያው ማኅበር በዚያው ዘመን እኛም አገር ነበር። ጴጥሮስ ጳኤዝ ከአፄ ሱስንዮስ ቤተ መንግሥት አይጠፋም ነበር፤ ንጉሡ ወደ ካቶሊክ መግባቱ ያስነሣው ደም መፋሰስም በ1632 አልጋውን አስለቀቀው፤ ልጁ አፄ ፋሲልም በተራው ኢየሱሳውያኑን አስወጣ። ቦሄሚያ ውስጥ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ሄደ። ኅዳር 8 ቀን 1620 የፕራግ ሰዎች ከከተማዋ ውጭ ነጭ ተራራ ላይ ተሸነፉ። በሰኔ 1621 ከአመፁ መሪዎች 27ቱ በአሮጌው ከተማ አደባባይ ተገደሉ፤ የሚበዙት አንገታቸው ተቆረጠ፣ የቀሩት ተሰቀሉ። በዚያ ጠዋት የተለኮሰው ጦርነት እስከ 1648 ሠላሳ ዓመት ቀጠለ፤ ጀርመንን ባድማ አደረጋት፤ በሰይፍ፣ በረሃብና በወረርሽኝ ሚሊዮኖች አለቁ። በመስኮት የተወረወረው ስላቫታ ግን ጦርነቱ ሲያልቅም ነበረ፤ የሞተው በ1652 ነው።

ክፍሉ ዛሬም አለ። ፕራግ የምትሄዱ ካላችሁ ግንቡ ውስጥ አሮጌውን ቤተ መንግሥት ጠይቁና መስኮቷ ጋ ቁሙ። ከዚያ ወደ ታች፣ ወደ አትክልቱ ስፍራ ውረዱ፤ የወደቁበትን ቦታ የሚያመለክቱ የድንጋይ ሐውልቶች ቆመዋል። ሁለት ናቸው፤ አንዱ ለማርቲኒትስ፣ አንዱ ለስላቫታ። ለጸሐፊው አልተሠራለትም።